ሁለት ባሕር የመረቀ ሽማግሌ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አምስት ይሁን ስድስት፣ አፌን ሞልቼ አልናገርም። የማስታውሰው ሥራ ያቆምኩበት ዓመት መሆኑን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳጥባቸው የኖርኩትን የምድር ውስጥ ባቡሮች ለሌላ ሰው አስረክቤ፣ ስዊድን አገር ፊቲያ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ባቡሮቹ ከምድር ወጥተው ሲያልፉ በመስኮት የማይበት ጊዜ ነበር። በደንብ አልታጠቡም እያልኩ አዝን ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ዓመተ ምሕረት ብዙም አያስፈልገውም። ቀኑን የሚያውቀው በቆሻሻ መኪናው ነው።

ብቻ በጋ ነበር። በጋ መሆኑን የማውቀው ስዊድኖቹ ሊፍት ውስጥ ሰላም ይሉኝ ስለነበር ነው።

በዚያ በጋ አንድ ከባድ ሥራ ተሰጠኝ። እንግሊዝ አገር ካሉት የባሕር ዳርቻዎች አንዱን መምረጥ። ይህም ሥራ ሆኖ ነው ወይ የምትሉ አትጠፉም። እኔ ግን በዕድሜዬ ምግብ ቤት ገብቼ እንኳ መርጬ አላውቅም፤ አጠገቤ ያለው ሰው ያዘዘውን «ለእኔም እሱኑ» ነው የምለው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ባሕርንም ቢሆን ከሱዳን ስመጣ ከአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል አይቼው ነው የማውቀው፤ ያኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ደሴ ነው የምትኖረው። በዚያ በጋ ልጇ ካሳሁን ወደ ለንደን አስመጥቷት ነበር። ካየኋት ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ስንለያይ ዳገት ስትወጣ የሚከተላት አልነበረም፤ አሁን በስልክ «ጉልበቴ ጠላት ሆነብኝ» ትለኛለች። የካሳሁን ቤት ጠባብ ነው፤ እኔ ከተጨመርኩ ሰው በሰው ላይ ሊተኛ ነው። ስለዚህ ካሳሁንና ማንችስተር የምትኖረው እህቱ ብርቱካን ተማከሩና፣ ባሕር ዳር አንድ ቤት ለሳምንት ተከራይተን ሁላችንም እንድንሰበሰብ ወሰኑ። ባሕር አይታ የማታውቀው እናታቸውም ባሕር ታያለች።

እስከዚህ መልካም ነው። ችግሩ የትኛው ባሕር የሚለው ላይ ነው። ሁለቱ ልጆች ይዋደዳሉ፤ የሚስማሙት ግን በመዋደዳቸው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይምረጡ» አለኝ ካሳሁን ደውሎ። «እኔና ብርቱካን ከተጨቃጨቅን እማዬ ታዝናለች።»

በማግስቱ ብርቱካን ደወለች። «ጋሼ፣ ትልቅ ሰው እያለ እኛ አንመርጥም።»

ይህ አነጋገር ሲሰሙት ክብር ነው። ክብደቱ የሚታወቀው ሲሸከሙት ነው። እታለም በመስከረም አገሯ ትገባለች። የእሷ ዕድሜ፣ የእኔም ዕድሜ፣ የጉልበቷ ነገር፣ የቪዛው ነገር ሲደማመር፣ ይህ ሳምንት ከተበላሸ ሌላ ሳምንት የሚሰጠን የለም። የመረጥኩት ባሕር መጥፎ ቢሆንስ? ውኃው ቢቀዘቅዝ፣ ሰዉ ራቁቱን ቢሆን፣ እታለም ደንግጣ «ሃያ ስምንት ዓመት ቆይተህ የምታሳየኝ ይህንን ነው?» ብትለኝስ? ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

መቼም ስለማያውቁት ነገር መፍረድ ኃጢአት ነው ብዬ፣ ከቤቴ በታች ወዳለው ሐይቅ ወረድኩ፤ ልምምድ መሆኑ ነው። ሱፌን ለብሼ ነው የሄድኩት፤ ምክንያቱም ከባድ ጉዳይ የማስበው ሱፍ ለብሼ ነው። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ፣ ሱሪዬን ሰበሰብኩና ውኃው ዳር ቆምኩ። እግሬን ነከርኩ፤ አወጣሁ። እንደገና ነከርኩ፤ ቀዘቀዘኝ፤ አወጣሁ። የእታለምን ጉልበት እያሰብኩ በረዥሙ ተነፈስኩ። እንዲህ እያልኩ አንድ ሰዓት ያህል ሳልቆም አልቀረሁም።

አንዲት በዕድሜ የገፋች ስዊድናዊት ስትዋኝ ቆይታ ወጣችና፣ ውኃው ከሰውነቷ እየተንጠባጠበ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ደህና ነህ?» አለችኝ በቀስታ።

«ደህና ነኝ» አልኳት። «ባሕር እየመረጥኩ ነው።»

ፊቷ ተለዋወጠ። እጄን ያዘችና፣ ሕይወት ብዙ ጥሩ ነገር እንዳላት፣ እሷም ባሏ ሲሞት እንዲሁ ተሰምቷት እንደነበር ነገረችኝ። ባሏ በመሞቱ በጣም አዘንኩ። «እግዜር ነፍሱን ይማር» ብዬ ባለቀስኩ ጊዜ ይበልጥ ደነገጠች። እስከ ቤቴ በር ሸኘችኝ። ከዚያ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር በሩቁ እጇን እያውለበለበች ጫማ ማድረጌን ታያለች።

ከልምምዱ ያገኘሁት ትምህርት ውኃ ቀዝቃዛ መሆኑን ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ካሳሁን ደገመና ደወለ። እርስዎ ይምረጡ ካለኝ ስንት ቀኑ፤ ምን እንደምመርጥ ግን ሊነግረኝ ነው የደወለው። ብራይተን የሚባል ቦታ አለ፣ ከለንደን ቅርብ ነው፣ ባቡር አለው፣ እማዬ አትደክምም አለኝ። ድምፁ ደስ ብሎት ነበር። ደስ ያለውን ልጅ ምን ይሉታል?

«ደግ አስበሃል፤ ይቅናህ» አልኩት።

ሁለት ቀን ቆይታ ብርቱካን ደወለች። ብላክፑል የሚባል ቦታ አለ፣ ትልቅ የብረት ማማ አለው፣ ማታ ማታ መብራቱ ጉድ ነው፣ እማዬ መብራት ትወዳለች አለችኝ። እሷም ደስ ብሏት ነበር።

«ተባረኪ፤ እግዜር ያሳካው» አልኳት።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። እኛ ባደግንበት አገር ልጅ አሳቡን ሲነግርህ ትመርቀዋለህ፤ ሰምቼሃለሁ ማለት ነው። እምቢታ ካለህ በሦስተኛው ቀን፣ በሌላ ሰው በኩል፣ ለዘብ ብሎ ይመጣል። ፊት ለፊት «አይሆንም» የሚል ሽማግሌ ያላደገ ሽማግሌ ነው። በልጅነታቸው ሄደው እንግሊዝ ያደጉ ልጆች ግን ሦስተኛውን ቀን አይጠብቁም። ካሳሁን ስልኩን እንደዘጋ ብራይተን ላይ ቤት ተከራየ። ብርቱካንም ስልኳን እንደዘጋች ብላክፑል ላይ ተከራየች። ያውም ለአንድ ሳምንት፣ ለዚያው ሳምንት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለውን ተረት እኔው ራሴ ለእነሱ በልጅነታቸው በካሴት ቀድቼ ልኬላቸው ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ገና እየመረጥኩ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፣ ፊቲያ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የእንግሊዝ ባሕር ያለበትን መጽሐፍ ስጡኝ አልኩ። መጽሐፍ የምታድለው ሴት ትዕግሥተኛ ናት፤ አንድ ትልቅ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አመጣችልኝ። ማንበቡን ባልችል ማየት ማን ይከለክለኛል።

ብራይተንን ገለጥኩ። ዳርቻው ጠጠር ነው። አሸዋ አይደለም፤ ጠጠር፣ እንደ ድንች ድንች የሚያህል። የእታለም ጉልበት በዚያ ጠጠር ላይ ሲሄድ ታየኝና መጽሐፉን ከደንኩት። ብላክፑልን ገለጥኩ። አሸዋ አለው፤ አሸዋው ግን በሰው ብዛት አይታይም። እታለም በደሴ የሰኞ ገበያ እንኳ ሰው በዛ ብላ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት ናት። በዚያ ላይ ብላክፑልን ብመርጥ ካሳሁን ይቀየማል፤ ብራይተንን ብመርጥ ብርቱካን። ላቤን እየጠረግሁ ሌላ ገጽ ገለጥኩ።

ዌስተን የሚል ቦታ ነው። አሸዋው ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። አህዮች ቆመዋል። ሰዎች ተቀምጠዋል። ባሕር ግን የለም።

«ይቺ መጽሐፍ ተሳስታለች» አልኳት ሴትዮዋን። «ባሕሩን ረስተውታል።»

አይታ ሳቀች። «አልረሱትም። ሄዶ ነው።»

«የት ነው የሄደው?»

«ራቅ ብሎ። ይመለሳል። በቀን ሁለት ጊዜ ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜ ይመጣል።»

የስዊድን ሐይቅ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም፤ ስተኛ ባለበት ነው፣ ስነሳም ባለበት ነው። ይህኛው ግን በመስኮቴ ሥር እንደሚያልፈው እንደ ኖርስቦሪ ባቡር የሰዓት ዝርዝር አለው፤ ሴትዮዋ ከኮምፒውተሯ አውጥታ አሳየችኝ። የሚሄድ ባሕር ይዤ እህቴን ልቀበል? ከደሴ ድረስ አምጥቼ «ትንሽ ጠብቂ፣ ወጣ ብሏል» ልበላት? ዌስተንንም ከሐሳቤ አወጣሁ። ባሕሮቹ አለቁብኝ።

ቤቴ ስገባ ስልኩ ይጮሃል። ካሳሁን ነው።

«ጋሼ፣ ብርቱካን ብላክፑል ተከራየሁ አለችኝ። እርስዎ መርቀውልኛል ትላለች። እኔንም መርቀውኝ አልነበረም?»

«ነበር» አልኩ።

«ታዲያ የቱ ነው?»

«መስመሩ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁት። ውሸቴን ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከደቂቃ በኋላ ብርቱካን ደወለች። አላነሳሁም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔም ለሦስት ቀን ዝም አልኩ። ስልኩ ይጮሃል፤ እኔ ትራስ እደርብበታለሁ። ትራሱ ሥር ሆኖ ሲጮህ የታፈነ ሰው ይመስላልና ይበልጥ አስጨነቀኝ።

በሦስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። ካለሁበት አልተነሳሁም። ቀጥሎ ቁልፍ ሲገባ ሰማሁ። በሩ ተከፈተና የሕንፃው ጠባቂ ከነመሣሪያ ሳጥኑ፣ ከኋላው ደግሞ ከእኔ ጎን ያለው ቤት ውስጥ የምትኖረው ጎረቤቴ ገቡ። ይህች ሴት የወሎ ልጅ ናት፤ እስላም ናት፤ በየቤቱ እየዞረች አሮጌ ሰዎችን የምታነሳ፣ የምታጥብ፣ የምታበላ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ናት። ስልኩ ሦስት ቀን ሲጮህ በግድግዳው ሰምታ፣ ሞቷል ብላ ነው ጠባቂውን የጠራችው።

«አሉ?» አለችኝ።

«አለሁ» አልኩ። ሱፌን ለብሼ፣ ትራሱን አቅፌ፣ ወለሉ ላይ የእንግሊዝን ካርታ ዘርግቼ።

ጠባቂውን አመስግና ሸኘችውና ከፊቴ ተቀመጠች። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እየሳቀች ትሰማኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሳቀችም። የሐይቁ ዳር ሴትዮ ጋ ስደርስ ብቻ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ጋሼ፣ ካሳሁን ያለውን ነገሩኝ፤ ብርቱካን ያለችውንም ነገሩኝ፤ መጽሐፉም ያለውን ነገሩኝ» አለች። «እታለምስ ምን አሉ?»

«እታለም?»

«ለጉልበቱ ባለቤት አልተነገረም እንዴ?»

እውነቷን ነው። እታለምን ማንም አልጠየቃትም። እኛ ለእሷ ስንጨነቅ እሷን ረስተናታል። ጎረቤቴ ትራሱን ከእጄ ወስዳ ስልኩን ሰጠችኝ። ደወልኩ። ካሳሁን ሥራ ላይ ስለነበር ያነሳችው ራሷ እታለም ነበረች።

«ወንድም ዓለም፣ ሞትክ እያሉኝ ነው» አለችኝ።

«አልሞትኩም እታለም፤ ባሕር እየመረጥኩልሽ ነው። ምን ዓይነት ባሕር ትፈልጊያለሽ?»

«ባሕሩ እንደሆነ ይሁን» አለች። «አሸዋ አለ ይላሉ። የሞቀ አሸዋ ውስጥ እግሬን እስከ ጉልበቴ መቅበር ነው የምሻ። ልክ እንደ ፍል ውኃ ላብ ያወጣል አሉ። አንተ አጠገቤ ከሆንክ፣ ውኃውን እነሱ ይዋኙበት።»

ስልኩን እንደያዝኩ ጎረቤቴን አየኋት። ካርታው ላይ ጣቷን አድርጋ ነበር። ለንደን ላይ አንድ ጣት፣ ማንችስተር ላይ አንድ ጣት፤ ሦስተኛው ዌስተን ላይ።

«ይኸው» አለች። «ለሁለቱም ይርቃቸዋል። ሁለቱም እኩል ያዝናሉ። ሽምግልና ከዚህ ወዲያ ምንድነው?»

ከዚያ የባሰው መጣ። ለሁለቱም ደውዬ አጥፍቻለሁ ማለት ነበረብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «እምቢ» የማለትን ያህል የሚያስፈራኝ ነገር የለም፤ «አጥፍቻለሁ» ደግሞ የእምቢ ታላቅ ወንድም ነው። ጎረቤቴ አጠገቤ ቆማ በዓይኗ ያዘችኝ። «ካሳሁን ልጄ፣ ሁለታችሁንም መርቄ ነበርና አጥፍቻለሁ። ብራይተን አይሆንም» አልኩት። «ብላክፑልም ካልሆነ እሺ» አለኝ። ብርቱካንም ቃል በቃል ያንኑ አለች፤ ስሙን ብቻ ለውጣ። ከተወለዱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። የፍልሰታ ጾም ሳይገባ እንድንሄድም ቀን ቆረጥን።

የለንደኑን ሰላምታ አልጽፈውም። እታለም አጭር ሆናለች፤ እኔም አጭር ሆኛለሁ። ሁለት አጫጭር ሰዎች አየር ማረፊያ ውስጥ መንገድ ዘግተው ሲላቀሱ ፖሊስ መጥቶ ትንሽ ወደ ጎን እንድንሆን ጠየቀን። ይበቃል።

ዌስተን ስንደርስ እንደፈራሁት ባሕሩ አልነበረም። ጥዋት ነው፤ ፀሐይ ወጥታለች፤ እስከ ሰማይ ጫፍ ድረስ አሸዋና ጭቃ ብቻ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እታለም ግን አህዮቹን እያየች ነበር። እንግሊዞች ልጆቻቸውን አህያ ላይ ለማስቀመጥ ተሰልፈዋል።

«ምን ጭነው ነው የሚመላለሱ?» አለችኝ።

«ልጅ።»

«ወዴት ይወስዷቸዋል?»

«እዚያ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ።»

«የት አገር ነው አህያ ባዶ መንገድ የሚሄድ» አለችና ካሳሁን ያመጣላትን ወንበር ገፋ አድርጋ ጋቢዋን አንጥፋ ተቀመጠች። «ቅበሩኝ እንግዲህ።»

ቀበርናት። ካሳሁን ከቀኝ፣ ብርቱካን ከግራ፣ ከጉልበቷ በላይ። ፊቷ ፈታ አለ። «ወይ ጉድ፣ እሳት እኮ ነው» አለች። ጨዋታ ተጀመረ። ከሞቱት ጀምረን ወደ ተወለዱት መጣን። ስንጫወት ስንበላ፣ ፀሐዩ ከብዶን ሁላችንም ሸለብ አደረገን።

ስነቃ ከሩቅ አንድ ብርማ መስመር አየሁ። ጥዋት ስንመጣ ይህ መስመር አልነበረም። ደግሞ ሳየው ቀርቧል።

የባሕሩን ሰዓት ከቤተ መጻሕፍት ሴትዮዋ ወስጄ፣ በገዛ እጄ ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ ለብርቱካን ሰጥቻት ነበር። «ብርቱካን፣ ውኃው የሚሞላው ስንት ሰዓት ነው?»

ወረቀቱን አውጥታ አየች። «ዘጠኝ ሰዓት ይላል ጋሼ። ተኙ፤ ገና ነው።»

«አሁንስ ስንት ነው?»

«ሁለት ተኩል።»

«ስምንት ተኩል ነው» አልኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሁለት ተኩል ነው፤ ይኸው ሰዓቴ። ዘጠኝ እኮ ማታ ነው።»

ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ውኃው ግን በእኔ ሰዓት ነበር የሚመጣው። ስገለብጥ የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛው መልሼ ነው የጻፍኩት። ሌላ አጻጻፍ መኖሩ ትዝም አላለኝ። ግማሽ ሰዓት ቀርቶናል። ውኃው እንደ ሐይቅ አይደለም፤ እንደ እንግዳ በብዙ እግር ነው የሚገባ።

ካሳሁን ብድግ ብሎ የእናቱን ክንድ ጎተተ። እታለም ጮኸች። ብርቱካን በሌላ በኩል ጎተተች። እንደገና ጮኸች። አሸዋው ከታች እርጥብ ኖሮ ረግቶ ይዟታል፤ ጉልበቷ ደግሞ በጄ አይልም። ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቄ፣ እህቴን በገዛ እጄ ባሕር መንገድ ላይ ቀበርኳት። የካሳሁንን ስልክ ቀማሁና የማውቀውን አንድ ቁጥር ነካሁ፤ ወደ ጎረቤቴ። አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት እያጠበች ነበር። የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ስነግራት፣ «ቆዩኝ» ብላ አሮጊቷን ስታስቀምጥ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ አይሩጡ። ማንም እጃቸውን እንዳይጎትት» አለችኝ። «አሸዋውን ከላይ ሳይሆን ከጎን ይቆፍሩት። እግራቸው ሲለቅ ወንበር ከፊታቸው ያድርጉና በሁለት እጃቸው ይደገፉት። ካሳሁን ከኋላ ወገባቸውን ይያዝ። ሦስት ድረስ ይቆጠርና ይነሳሉ።»

በሳህኑ፣ በጫማው፣ ባገኘነው ቆፈርን። እግሯ ለቀቀ። ወንበሩን አስጠጋሁ። ካሳሁን ወገቧን ያዘ። «አንድ፣ ሁለት» አልኩ።

«እርስዎ አይደሉም» አለችኝ በስልኩ። «የሚነሳው ሰው ነው የሚቆጥረው።»

ስልኩን ወደ እታለም ጆሮ አስጠጋሁት። ሰማች። ራሷን ነቀነቀች። «አንድ» አለች። ውኃው የጋቢውን ጫፍ ነካ። «ሁለት» አለችና ቀና አለች። ቀና ስትል ባሕሩን አየችው። ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ እያበራ፣ ወደ እሷ እየመጣ። ቆጠራውን ተወችው።

«እታለም፣ ሦስት በይ» አልኳት።

«ቆየኝ እስቲ፣ ልየው።»

ውኃው ጫማዬ ውስጥ ገባ። ብርቱካን ታለቅሳለች። ካሳሁን የእናቱን ወገብ እንደያዘ ላቡ ይንጠባጠባል። እታለም አትቸኩልም። አየችው፣ አየችው፤ ከዚያ ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ «ሦስት» አለችና፣ ያ ጠላት የሆነባት ጉልበት ቀስ ብሎ ተነሳ። እስከ ግንቡ ድረስ በራሷ እግር ሄደች። እኔ ነኝ ኋላ የቀረሁት።

ግንቡ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳደርቅ ነው ስልኩ አሁንም እጄ ላይ ክፍት መሆኑን ያየሁት። ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

«ተነሡ ወይ?» አለችኝ።

«ተነሣች።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ የእኔዋ ብርድ እየመታት ነው» ብላ ዘጋችው።

ዘይነባ ትባላለች።